የሰው ልጅ

በቤታችን ሁለት ድስት ነበር። ትልቁ ከጉልቻው የማይወርደው የቤቱ ድስት ነው። ትንሹ፣ ጭልፋው በሲባጎ ከጆሮው ጋር ታስሮ ለብቻው በሚስማር የተሰቀለው፣ የእኔ ነው። ለገናና ለፋሲካ እቴቴ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ሥጋ ትገዛና ትንሹን ድስት ከሚስማሩ አውርዳ ሁለቱንም ለጎረቤታችን ታስረክባለች። ጎረቤታችን ሠርታ፣ በሰፌድ ከድና ታመጣልኛለች። እኔ ስበላ እቴቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታየኛለች። እሷ አትቀምሰውም። “ጨው አነሰው?” ትለኛለች። ይህ ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በአፏ የማይዞር ወጥ ጨው ያሳስባት ነበር።

እሷ ሙስሊም ነበረች፣ እኔ ክርስቲያን። ያሳደገችኝ ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ጥላውን በሚጥልበት ሰፈር።

ደሴ የገባሁት በ1977 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስንት ዓመቴ እንደነበረ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም ነበርና አምስት ብለው ገመቱልኝ፤ ዕድሜዬን እስካሁን የምቆጥረው ከዚያ ግምት ተነሥቼ ነው። ወሎ በዚያ ዓመት የሆነችውን የወሎ ሰው አይረሳውም። ኮረምና ባቲ ላይ ሕዝቡ በየሜዳው ፈሰሰ፤ ጧት ጧት የሚቀበረው ሰው ቆጣሪ አጣ። የተረፈውንም መንግሥት እየጫነ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከል አሰፈረው። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በዚያ ዘመቻ የሄደው ሰው 600 ሺህ ገደማ ነው። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ የተለያየው በረሃብ ብቻ ሳይሆን በዚያ ጭነትም ነበር። እናቴና አባቴ ባቲ መጠለያ ቀሩ። አጎቴ ሰፈራ ሄደ ተባለ፤ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም።

እኔን እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ሾፌር ደሴ አድርሶ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ አስቀምጦኝ ሄደ። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ፣ በጋቢው ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደኝ። ልጅ አልነበራቸውም። ሚስቱ እቴቴ እሳት ዳር አስቀመጠችኝና ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “የአባትህስ?” አለች። እሱንም ነገርኳት። ከሁለቱ ስሞች ሌላ የማውቀው አልነበረም። አንገቴ ላይ ደግሞ ማተብ ነበረ። ንብረቴ ይኸው ነው፤ አንድ ክርና የአባቴ ስም።

ማተቡ ሲያረጅና ሲበጠስ እቴቴ ገበያ ወጥታ ጥቁር ክር ገዝታ፣ እጄን ይዛ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ታደርሰኛለች። እሷ ከበሩ ውጭ ትቆማለች፤ እኔ ገብቼ ቄሱ ባርከው ያስሩልኛል። ስወጣ አንገቴን ቀና አድርጋ ታየዋለች። ቋጠሮው ላልቶ ካገኘችው “ይሄማ ነገ ይፈታል፣ ግባና በደንብ እሰሩልኝ በላቸው” ትለኛለች። በዐቢይ ጾም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ቤት ወተት እንዳልቀምስ የምትቆጣጠረኝም እሷ ናት።

አገራችን የሰውን ልጅ የራስ የማድረጊያ ብዙ መንገድ አላት። የጡት ልጅ አለ፣ የማር ልጅ አለ፤ ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ ልጅ የሆነ ጎልማሳ ከሥጋ ልጅ እኩል ይቆጠር ነበር። የክርስትና ልጅ አለ። ከኦሮሞ ወገኖቻችን ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ከነባህሉ ወስደን የሕግ ቃላችን አድርገነዋል። እቴቴ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላደረገችብኝም። ምክንያት ነበራት፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ የወሰደችኝ ቀን መዝጋቢው የአባቴን ስም ጠየቀ። እሷ ቶሎ ብላ የሞተውን አባቴን ስም ተናገረች።

“ባለቤትሽ ነው?”

“አይደለም። የልጁ አባት ነው።”

“በባለቤትሽ ስም ይሁንለት እንጂ። ነገ ለልጁም ይበጀዋል።”

“አባት አለው። ሞተ እንጂ አልጠፋም” አለችው።

መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አዝኖልኝ ነው። እሷም ስሙን ስትነግረው ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ነገር ግን እስክሪብቶው ያንን ስም ጽፎ እስኪጨርስ ከጠረጴዛው አልራቀችም። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም አቀርቅራ ታየው ነበር።

ያደገችው የሸሆችን ትምህርት እየሰማች ነው። ቁርኣን አል-አሕዛብ በተባለው ምዕራፍ የምታሳድጓቸውን ልጆች በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው እንደሚል ታውቅ ነበር። የቲም፣ ማለትም አባት የሌለው ልጅ፣ የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከነቢዩ ጋር ጎን ለጎን እንደሚሆን የሚናገረውን ሐዲስም ታውቅ ነበር። ይህን ስታወራ ጠቋሚ ጣቷንና የመሐል ጣቷን አጣብቃ ታሳየኛለች። “እንዲህ” ትላለች። በልጅነቴ ሁለቱ ጣቶች እሷና እኔ ነን ብዬ አስብ ነበር።

ልብስ ሰፊው ባሏ፣ አባባ የምለው፣ በ1984 ዓ.ም. በድንገት አረፈ። የአባባ ነገር አያልቅብኝም፤ ስለ እሱ ለብቻው እጽፋለሁ። ሰደቃው ወጥቶ ሳምንታት እንዳለፉ ግን ሁለት ወንድሞቹ መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ቆሙ። ቤቱን፣ ሱቁን፣ የሲንጀር መኪናውን ቆጠሩ። ወንድማችን ዘር ሳይተካ ነው የሞተው፣ ንብረቱ የእኛ ነው፣ አንቺም ወደ ወገኖችሽ ሂጂ አሏት። እሷ ወደ እኔ ተመለከተች። ታላቁ ወንድም ዓይኗን ተከትሎ አየኝና “ይሄ የሰው ልጅ ነው” አለ።

በአማርኛ ይህ ሐረግ ሁለት ፊት አለው። እሱ ባዕድ ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው ማለቱ ነበር። እቴቴ በተረጋጋ ድምፅ “አዎን፣ የሰው ልጅ ነው” ብላ መለሰችለት። የእሱኑ ቃል ነው የተናገረችው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ቃል ሆነ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ ወጣ።

የነበረውን ሕግ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ያለ እሱ አይገባም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ከባሏ ውርስ የላትም፤ የምትወስደው ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ነው። የሟች ድርሻ ለልጆቹ ይሄዳል። ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ፣ እነርሱም ከሌሉ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ይተርፋል። የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ ይወርሳል፤ ግን ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ውል ሊኖረው ይገባል። እኛ ዘንድ ውል የሚባል ነገር አልነበረም። እንግዲህ ወንድሞቹ በሕግ የሚገባቸው ድርሻ ነበራቸው፤ ይህን አልክድም። በደሉ ሙሉውን መፈለጋቸው፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡም መበለቲቱን ከነልጁ ጎዳና ለማውጣት መነሣታቸው ነው።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ጉዳያችንን እስከ መጨረሻው ሰማና እጁን ከመኪናው ላይ አነሣ። “በጣም ቀላል ነው” አለ። ልጁ ከባልሽ የተወለደ ነው እንበል፤ ሦስት ምስክር አቁሚ፤ የሰፈሩ ሰው ይወድሻል፣ እንቢ የሚልሽ የለም፤ ቤቱ እንዳለ ለአንቺና ለልጁ ይቀራል። እውነቱን ነው፤ ይቀርልን ነበር። ምስክር ሊሆኑ የተዘጋጁ ሰዎችም ነበሩ።

እቴቴ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች አሰበች። አስራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሺ በይ እያልኩ በልቤ እለምናት ነበር። “ነገ ይሄ ልጅ አባቱን ሲፈልግ የት ብሎ ያገኘዋል?” አለች። ሰውየው ዝም አለ። “ያለውን እንዳለ ጻፍልኝ።”

ጻፈላት። ማመልከቻውን እንድይዝ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀጠሮው ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

የሰፈሩ ጎረምሶች ነገሩን ሲሰሙ አንድ ማታ ዱላ ይዘው ግቢያችን ገቡ። ወንድሞቹን አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቀን ብናስተምራቸው አይመለሱም አሏት። እቴቴ “የባሌ ወንድሞች ናቸው” አለች። “ዱላ የያዘ ሰው በዚህ በር አይገባም። እኔ አልወጣም፣ አልሳደብም፣ እዚሁ ነኝ።” ከዚያ በኋላ ይህንኑ ለመጣው ሁሉ ደገመችው፤ ለሽማግሌውም፣ ለቀበሌውም፣ ለወንድሞቹም። አልወጣም፣ አልሳደብም፣ እዚሁ ነኝ። እኔ ያን ጊዜ ይህ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ጀግና ማለት ዱላ የሚያነሣ ሰው ነበር።

ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ እያለ አንድ ቅዳሜ ጧት ታናሹ ወንድም መሰላልና አንድ የቀን ሠራተኛ ይዞ ሊመጣ መሆኑ ተሰማ። ቆርቆሮው ከተነሣ በክረምት ማንም እዚያ ቤት አያድርም። የሐምሌ መጀመሪያ ነበር።

እቴቴ ሌሊቱን ለቅሬያችን ሴቶች ላከች። ከወሎ ላልሆናችሁ፣ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የእኛ ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አንድ ላይ ይቀብራል። ጎሕ ሲቀድ ግቢው በሴት ሞላ። ነጠላቸውን አጣፍተው ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተቀመጡ። አንዳቸውም አልጮኹም። እቴቴ ከመሐል ሆና ቡና ትቆላለች። መሰላል የሚያስደግፉበት ሥፍራ ላይ ሁሉ አንዲት ሴት አለች። ከመካከላቸው ድስቴን የምትሠራልኝ ጎረቤታችን ነበረች፤ ዳቦ ጋግራ መጥታለች።

ሠራተኛው ሲያይ ደነገጠ። ወንድምየው ግን በጓሮ በኩል ማንም ያልተቀመጠበት ጥግ አገኘ፤ መሰላሉን እዚያ አቆመው። ሠራተኛው ወጣ። የመጀመሪያው ሚስማር ሲነቀል ቆርቆሮው የሰጠውን ድምፅ እስካሁን በሕልሜ እሰማዋለሁ፤ የቆሰለ ነገር ድምፅ ነበር። እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም። መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ “በሕግ አምላክ!” ብዬ ጮኽሁ።

ይህን ቃል ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አባባ ስለ ድሮ ሙግት ሲተርክ ሰምቼዋለሁ። ድሮ አንድ ሰው በሕግ አምላክ ከተባለ ባለበት ይቆማል፤ ረግጦ የሄደ ንጉሡን እንደ ደፈረ ይቆጠራል። ተከሳሽና ከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አቆራኝተው፣ ጠባቂ ሳይኖራቸው፣ ተራራ ወጥተው ወንዝ ተሻግረው ዳኛ ዘንድ ይደርሱ ነበር። የሚያስራቸው አንድ ጨርቅ ነው። መንገድ ላይ ያገኙት አላፊ አግዳሚ ዳኛ ሆኖ እንዲሰማቸው ቢጠይቁት ቁጭ ብሎ ይሰማል። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ጦሩን ሲያወሳ የሚኖር ሕዝብ፣ አንድ ቃል ተናግሮ የታጠቀን ሰው ማስቆም የሚያስችል ሥርዓት ነበረው፤ ቃሉን መበለትም፣ ሕፃንም፣ ባዕድም ሊናገረው ይችላል። ዛሬም በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ መብትና አቤቱታ የማቅረብ መብት በአንድ አንቀጽ ተጽፈዋል። ሳነበው የሚታየኝ ያ ግቢ ነው።

ሠራተኛው ሚስማሩን በእጁ እንደ ያዘ ቀጥ አለ።

“ቀጥል እንጂ!” አለ ወንድምየው።

“ልጁ ሕግ ጠራ” አለ ሠራተኛው። “ሕግ የተጠራበትን ቤት አልነካም፤ ዳኛ ይላከኝ።” ወርዶ ሚስማሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ድሃ ሰው ነው፣ የዕለት ደመወዙን ትቶ ነው የወረደው። ስሙን አላውቅም፤ ዱላ ካቀረቡልን ሁሉ ይልቅ ያዳነን እሱ ነው።

እቴቴ አቦሉን ቀድታ መጀመሪያ ለእሱ ሰጠችው። ወንድምየውንም “ና ግባ፣ ቡና ደርሷል” አለችው። አልገባም። ለረጅም ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቆየ፤ በመጨረሻ መሰላሉን ብቻውን ተሸክሞ ሄደ። መሰላሉ ከባድ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ሲያሳርፈው አየሁት።

ማታ እጄ ሲጠዘጥዘኝ አየችኝ። የመሰላሉ ስንጥር መዳፌ ውስጥ ገብቷል። የአባባን የስፌት መርፌ በኩራዙ እሳት ለብልባ፣ እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትፈለቅቅ ጀመር።

“ፈርተህ ነበር?” አለችኝ።

“አዎ።”

“እኔም” አለች። ስንጥሩን አወጣችውና ኩራዙ አጠገብ አስቀመጠችው። “እ…” አልኩ፤ “እማዬ” ማለቴ ነበር፤ ቃሉ እንዳይወጣ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። የዚያን ቀን አልወጣም። ሌላ ቀን፣ ውኃ ስቀዳ፣ ሳላስበው ከአፌ አመለጠ፤ እሷም ሁልጊዜ እንደምትጠራበት ስም “አቤት” ብላ መለሰች።

ፍርዱ በ1986 ዓ.ም. ወጣ። ዳኛው ስለ እኔ ሲጠይቋት ያንኑ እውነት ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ሕጉ የሚለውን ፈረዱ። የቤቱ ግማሽ የእሷ፣ ግማሹ የወንድሞቹ ሆነ። የልብስ መኪናው ለእሷ ቀረ፤ በልዋጩ ሱቁን ለቀቀች። ቤቱን ለሁለት የሚከፍል የጭቃ ግድግዳ ተሠራ። ግድግዳው የተነሣው ድስቴ ከተሰቀለበት ሚስማር አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው። ጭድና ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ቤቱ ለብዙ ሳምንት የረጠበ አፈር ሸተተ። ታናሹ ወንድም ሚስቱን ይዞ ከማዶው ገባ። ሲያስለው ይሰማናል። ለዒድ እቴቴ ድርሻቸውን በሳህን ታደርግና በዙሪያው ዞሬ እንዳደርስ ትልከኛለች። የመጀመሪያው ዓመት ሳህኑ ሳይከፈት ተመለሰ። ሁለተኛው ዓመት ባዶውን ተመለሰ። ሦስተኛው ዓመት ቴምር ተደርጎበት መጣ።

በዚያ ቤት ትምህርቴን ጨረስኩ፤ አስተማሪ ሆንኩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሲያርፉ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሳቸው የተጻፈውን ሳነብ አደርኩ። እሳቸውም ያለ አባት ያደጉ ናቸው፤ አባታቸው በጣሊያን ወረራ ሞተዋል፤ በልጅነታቸው ከተዳሩበት ቤት አምልጠው አዲስ አበባ ገብተዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ወደ እኛው ወሎ መጥተው፣ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አይተው ማለፍ አልቻሉም። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ 21 ሆኑ። ባላቸው ከልጆቹና ከትዳሩ ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። ታላቅ ሥራቸውን አገር ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ግን ያች ከቤት የወጡባት ቀን ናት። ማንንም ሳይሰድቡ፣ ልጆቹን ይዘው መውጣታቸው። እቴቴ ላለመውጣት ተቀመጠች፣ እሳቸው ላለመተው ወጡ፤ ልጁን ግን ሁለቱም አልለቀቁም።

ሕጉም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ሲደነግግ፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነትም እንደማይቋረጥ ይናገራል። ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆችን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ወላጅ ያጣ ልጅ በር የሚያንኳኳው የእኛን ነው። ሕፃን ወስዳችሁ ልታሳድጉ ያሰባችሁ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፣ ፍርድ ቤት ሂዱና ውሉን አጽድቁ፤ በእኛ ላይ የደረሰው አይድረስባችሁ። የአባቱንም ስም ጠይቁት። የሚያውቀው ከሆነ ጻፉለት።

እቴቴ ያረፈችው ወይዘሮ አበበች ከማረፋቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው፣ በ2011 ዓ.ም.። ገላዋን ያጠበችው ከግድግዳው ማዶ የተወለደችው የታናሹ ወንድም ልጅ ናት። ሒሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ የቅሬያችን ክርስቲያኖችም እየተፈራረቁ ያዙ።

ከሳምንት በኋላ የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄድኩ። ወጣት ሠራተኛ ነው፣ ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ። መታወቂያዬን አየ፤ የእሷን አየ።

“የሟች ባለቤት ስም ከእርስዎ አባት ስም ጋር አይገናኝም” አለኝ።

“አይገናኝም።”

“ታዲያ ምናቸው ነዎት?”

“ልጃቸው ነኝ።”

እስክሪብቶውን ከፍ አድርጎ ጠበቀኝ። “የማደጎ ልጅ ልበል?”

“ልጅ በል” አልኩት።

መታወቂያዎቹን እንደ ገና አስተያየ። ከዚያ አቀርቅሮ ልጅ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም የአባቴን ስም ፊደሉን እንዳይሳሳት አንድ ጊዜ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጽፎ እስኪጨርስ ከጠረጴዛው አልራቅሁም።